ሊብሬው በማን ስም ነው? የጋራ መኪና ንግድ ከዙሪክ እስከ ለንደን

እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ በለንደን የሚኖሩ የዚፕካር አባላት አንድ መልእክት ደረሳቸው። ኩባንያው በብሪታንያ የሚሰጠውን አገልግሎት ሊዘጋ ነው፤ ከዲሴምበር 31 በኋላ አዲስ ቀጠሮ አይቀበልም። ለዓመታት "አባል" እየተባሉ የኖሩት ሰዎች ጉባኤ አልተጠሩም፣ ድምፅ አልሰጡም፣ ሒሳብም አልቀረበላቸውም። ከእነርሱ መካከል አገልግሎቱን ተማምነው የራሳቸውን መኪና የሸጡ፣ ወይም ጭራሹን ሳይገዙ የቀሩ ነበሩ።

በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። መኪኖቹ የኩባንያው ናቸው፤ ኩባንያው ደግሞ የአሜሪካው የመኪና አከራይ የኤቪስ ነው። ታዲያ አባልነቱ ምን ነበር? በአባልነት ላይ የተመሠረተው የመኪና መጋራት ሥራ ከ75 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ቴክኖሎጂው ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ከቴክኖሎጂው በላይ የተለወጠው ግን "አባል" የሚለው ቃል ትርጉም ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ቆሞ የሚበላ ንብረት

በቅድሚያ አገልግሎቱን ከሚመስሉት መለየት ያስፈልጋል። የጋራ መኪና እንደ ራይድ ወይም እንደ ፈረስ ሾፌር የሚጠሩበት አይደለም፤ መሪውን የሚይዘው ተጠቃሚው ራሱ ነው። ከተለመደው የመኪና ኪራይም ይለያል። አንድ ጊዜ መንጃ ፈቃዱን አሳይቶ የተመዘገበ ሰው በየጊዜው ውል መፈራረም ሳያስፈልገው በሰፈሩ ከቆሙት መኪኖች አንዱን በሰዓት ሒሳብ ይወስዳል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። ኢንሹራንሱ፣ ጥገናውና የማቆሚያ ቦታው፣ በብዙዎቹ ዘንድ ነዳጁም ጭምር፣ በክፍያው ውስጥ ነው።

ከጀርባው ያለው ስሌት ቀላል ነው። የግል መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው፤ ወጪው ግን አይቆምም። ኢንሹራንሱና ቦሎው "መኪናው ዘንድሮ ብዙ አልሄደም" ተብሎ አይቀነስም፤ ዋጋውም በየዓመቱ ይወርዳል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መኪና የሚያስፈልገው ሰው የሰባቱንም ቀን ወጪ ይሸከማል። አሥር እንዲህ ያሉ ሰዎች አንድ ወይም ሁለት መኪና ቢጋሩ ሁሉም ያተርፋሉ።

ችግሩ እዚያው ስሌቱ ውስጥ አለ። አሥሩም መኪናውን የሚፈልጉት ቅዳሜ ነው፤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የሚፈልገው የለም። ለቅዳሜው ፍላጎት የሚበቃ መኪና የገዛ ማክሰኞ ይከስራል፤ ለማክሰኞ የሚበቃ ብቻ የገዛ ቅዳሜ አባላቱን ያስቀይማል። ሁለተኛው ችግር ደግሞ የጋራ ንብረት ጥንታዊ ሕመም ነው፦ የሁሉም የሆነን ነገር ማን ይጠርገዋል? ማንስ ነዳጅ ይሞላበታል? በዚህ ሥራ የተሰማራ ሁሉ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ መስጠት ነበረበት። የመልሱ ዓይነት ደግሞ ዕድሜውን ወስኖታል።

▪️ ዙሪክ፣ 1948

ሐሳቡ የስማርት ስልክ ልጅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያው የታወቀ ሙከራ ግን የተጀመረው በ1948 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ነው። ሴፋጌ የተባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመው መኪና ለብቻቸው ለመግዛት አቅም ባልነበራቸው ሰዎች ነበር። ያገናኛቸው የኪሳቸው ማነስ እንጂ የአካባቢ ጥበቃ ፍልስፍና አልነበረም። ይህ ማኅበር በጸጥታ እስከ 1998 ድረስ ኖሯል፤ 50 ዓመት ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ከተቋቋሙት ኩባንያዎች አብዛኞቹ ይህን ዕድሜ አላዩም።

አሠራሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ማንም ሰው ለቤቱ ድንኳን፣ ትልልቅ ድስትና መቶ ወንበር አይገዛም፤ ዕድሩ ይገዛል። የሚያስፈልገው ቀን አባሉ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ተቆጥሮለት ይወስዳል፤ ተቆጥሮበት ይመልሳል። ሳህን የጎደለበት ይከፍላል። ይህን ሥርዓት ያቆሙት ሁለት ምሰሶዎች ናቸው። አንደኛ፣ ዕቃው የአባላቱ ነው፤ ዕድሩ ሊሸጠው ቢያስብ እንኳ አባላቱ ይጠየቃሉ። ሁለተኛ፣ ድንኳኑን ቀዶ የመለሰ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ከሰው ፊት ይቀርባል። ባለቤትነትና ይሉኝታ አንድ ላይ ይሠራሉ።

▪️ ከዘመኑ የቀደሙት

በ1970ዎቹ ሐሳቡን ከሰፈር ማኅበርነት ወደ ከተማ ትራንስፖርትነት ለማሳደግ የሞከሩ ተነሡ። በፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ከተማ በ1971 የተጀመረው ፕሮኮቲፕ አባላቱ ቀድመው በገዙት ቶከን መኪና የሚነዱበት ነበር፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቀረ።

የበለጠ የሚታወሰው የአምስተርዳሙ ዊትካር ነው። ጠንሳሹ ሉድ ስኺመልፔኒንክ በ1960ዎቹ አጋማሽ ነጭ ብስክሌቶች በከተማው ለሁሉም በነጻ ይቀመጡ የሚለውን ዕቅድ ያቀረበ ሰው ነው። በ1974 ነጫጭ፣ ባለ ሦስት ጎማ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች መንገድ ላይ ወጡ። አባሉ ከአንዱ ጣቢያ ያነሣል፤ በሌላው ጣቢያ ያቆማል፤ መኪናው እዚያው ቻርጅ ይደረጋል። ጣቢያዎቹን የሚያገናኛቸው ኮምፒውተር ነበር። ዛሬ "አዲስ" የሚባለው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚያ ውስጥ ነበረ።

ዊትካርም የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር፤ አባላቱም በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ሆኖም የታሰቡት በርካታ ጣቢያዎች አልተሠሩም፤ ከጥቂት ጣቢያዎችና በአሥሮች ከሚቆጠሩ መኪኖች አላለፈም፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚሄድ አገልግሎት ጣቢያው ጥቂት ሲሆን መድረሻ የሌለው ታክሲ ይሆናል። መኪኖቹም ብዙ ሰው በሚሄድበት ጫፍ ይከማቻሉ፤ ሌላው ጫፍ ባዶ ይቀራል። ማኅበርነት ብቻውን ይህን የሚፈታ አልሆነም። የዊትካር ሕመም ከ40 ዓመት በኋላ በብዙ እጥፍ ገንዘብ ተደግሟል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

▪️ የቁልፍ ሳጥንና መዝገብ

ሥራው በእግሩ የቆመው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በትንሹ ሲጀመር ነው። በ1987 በስዊዘርላንድ ሁለት ማኅበራት እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ተመሠረቱ፦ አንዱ ሽታንስ በምትባል ትንሽ ከተማ በ8 ሰዎች፣ ሌላው በዙሪክ በ17 ሰዎች። እያንዳንዳቸው የጀመሩት በአንድ መኪና ነው። በዓመቱ በበርሊን ሽታትአውቶ ተቋቋመ፤ እርሱም በአንድ መኪና። ስሙ በጀርመንኛ ሲነገር "የከተማ መኪና" ተብሎም "በመኪና ፈንታ" ተብሎም ይሰማል።

አሠራሩ ቀላል ነበር። አባሉ ስልክ ደውሎ ሰዓቱን ያስይዛል። ከመኪናው አጠገብ ካለው የቁልፍ ሳጥን ቁልፉን ይወስዳል፤ የሄደበትን ኪሎ ሜትር በመዝገብ ይጽፋል፤ መኪናውን ካነሣበት ቦታ መልሶ ያቆማል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን የዊትካርን ችግር ከሥሩ የነቀለው እርሱ ነው። መኪናው የሰፈሩ መኪና ሆነ። ቆሻሻ ትቶ የሄደው ማን እንደሆነ ከመዝገቡ ይታወቃል፤ ከሚቀጥለው ተጠቃሚ ጋርም አንድ ዳቦ ቤት ሊገናኙ ይችላሉ።

አዲስ መኪና የሚገዛው በቂ አዲስ አባል ሲገኝ ነበር። የሚገዛበትም ገንዘብ በከፊል የአባላቱ ድርሻ ነው። ሁለቱ የስዊስ ማኅበራት በዚህ መንገድ አድገው በ1997 ተዋሃዱና ሞቢሊቲ የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ሞቢሊቲ ቀያይ መኪኖቹን በባቡር ጣቢያዎች ደጃፍ አቆመ፤ ረጅሙን መንገድ በባቡር፣ የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በመኪና የሚል ስሌት ነው። ዛሬ 3,000 ገደማ መኪኖች አሉት። ከተጠቃሚዎቹ ብዙዎቹ አሁን ድርሻ ሳይገዙ በደንበኝነት ብቻ የሚነዱ ናቸው፤ የማኅበሩ ባለቤቶች ግን እስከ ዛሬ ድርሻ የገዙት አባላት ናቸው።

በካናዳ ኬቤክም ቤኑዋ ሮቤር በ1994 ተመሳሳይ ሥራ ጀመረ። ኮሚዩኖቶ የሚባለው ይህ አገልግሎት በኅብረት ሥራ ማኅበርነት ጀምሮ በኋላ ኩባንያ ሆኗል፤ ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ "ማኅበር ይኖራል፣ ኩባንያ ይሞታል" የሚል ቀላል ፍርድ አይሠራም። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ሌላ ነገር ነው፦ ጎናቸውን አውቀው መተኛታቸው፤ መኪናውን ያበዙት አባሉ ሲበዛ ነው።

▪️ አባሉ ደንበኛ የሆነበት ጊዜ

በ1999 አንቲ ዳንየልሰን የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ በርሊን ላይ የጋራ መኪና አየች። ወደ ምትኖርበት ወደ ማሳቹሴትስ ስትመለስ በልጆቻቸው መዋዕለ ሕፃናት ለምታውቃት ለሮቢን ቼስ ነገረቻት። ሁለቱ ሴቶች በ2000 በኬምብሪጅ ከተማ ዚፕካርን መሠረቱ። ከመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዷ አረንጓዴ አዲስ ሞዴል ቮልስ ነበረች።

ዚፕካር ያመጣው ትልቅ ለውጥ የቁልፍ ሳጥኑንና መዝገቡን በቴክኖሎጂ መተካቱ ነው። አባሉ በኢንተርኔት ሰዓቱን ይይዛል፤ ካርዱን የፊት መስተዋቱ ላይ ሲያስጠጋ በሩ ይከፈታል፤ ሰዓቱና ርቀቱ በራሱ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። ደንቦቹ ስድስት ብቻ ነበሩ፦ ጉዳት ካየህ አስታውቅ፣ ንጽሕናውን ጠብቅ፣ አታጭስ፣ ነዳጁ ከሩብ በታች ሳይወርድ መልስ፣ በሰዓቱ መልስ፣ የቤት እንስሳ በሳጥን ይሁን። በጀመሩ በጥቂት ወራት የቀን ዋጋቸው ወጪያቸውን እንደማይሸፍን ሲረዱ ቼስ ለአባላቱ ደብዳቤ ጽፋ ምክንያቱን ገልጻ ዋጋ ጨመረች፤ ቅሬታ ያቀረበው ጥቂት ሰው እንደነበር በኋላ ተናግራለች። ያኔ አባሉ ገና የሚነገረው ሰው ነበር።

ነገር ግን ገንዘቡ የአባላቱ አልነበረም። ዳንየልሰን በ2001 መጀመሪያ ከኩባንያው ወጣች። ቼስም በ2003 ከገንዘብ ፍለጋ ችግር በኋላ በስኮት ግሪፊዝ ተተካች። ኩባንያው በ2007 የሲያትሉን ፍሌክስካርን ጠቀለለ፤ በኤፕሪል 2011 አክሲዮኑን በ18 ዶላር ለሕዝብ ገበያ አቀረበ። ያን ጊዜ ከ560,000 በላይ አባላት ነበሩት፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከስሯል። አባል ሲበዛ ኪሳራውም አልቀረም፤ አዲስ ከተማ ለመክፈት ቀድሞ መኪና ማሰለፍ ስለሚያስፈልግ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 2013፣ ኤቪስ ኩባንያውን በአክሲዮን 12.25 ዶላር፣ በጠቅላላው 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛው መሆኑ ተነገረ።

ኤቪስ የፈለገው የማክሰኞና የቅዳሜን እንቆቅልሽ መፍታት ነበር። የኤቪስን መኪኖች በሥራ ቀን ነጋዴ ተጓዦች ይከራዩአቸዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ብዙዎቹ ይቆማሉ። የዚፕካር አባላት ደግሞ መኪና የሚያጥራቸው ቅዳሜና እሑድ ነው። ስሌቱ ጥሩ ስሌት ነው። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ760,000 በላይ የሚሆኑት "አባላት" የአንድ ትልቅ አከራይ የሳምንት መጨረሻ ገበያ ሆኑ።

በ2012 ፍሉራ ባርዲና ጂያና ኤክሃርት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በቦስተን አካባቢ የዚፕካር ተጠቃሚዎችን አነጋግረው ያወጡት ጥናት ይህን ለውጥ በግልጽ ያሳያል። ተጠቃሚዎቹ መኪናውን እንደ ራሳቸው አይቆጥሩትም። ለሌላው አባልም ግዴታ አይሰማቸውም፤ ሌላው ሰው ደንብ እንዳይጥስ የሚጠብቁት ከኩባንያው ቅጣትና ቁጥጥር ነው። ኩባንያው አባላቱን እንደ ቤተሰብ ለማቀራረብ ያደረገውንም ሙከራ አልወደዱትም። እነዚህ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የዕድሩ ሁለት ምሰሶዎች ከተነሡ በኋላ ቅጣት ብቻ ነው የሚቀረው፤ እነርሱም ይህን ተረድተው ነበር።

▪️ ሕመሙ ሲደገም

በ2008 ዳይምለር በጀርመን ኡልም ከተማ ካርቱጎን ጀመረ። ትንንሽ ስማርት መኪኖች በከተማው ተበተኑ፤ ክፍያው በደቂቃ ሆነ፤ መኪናውን በክልሉ ውስጥ ደስ ባለህ ቦታ ትተህ መሄድ ተቻለ። ሕዝቡ ወደደው። መኪኖቹ ግን እንደ ዊትካር ዘመን በማይፈለጉበት ቦታ ይከማቹ ጀመር፤ እነርሱን እየዞረ የሚመልስ ሠራተኛ፣ ለማቆሚያ ቦታም ለየከተማው የሚከፈል ገንዘብ አስፈለገ። በኤፕሪል 2019 በቺካጎ ወደ 100 የሚጠጉ መኪኖች በመተግበሪያው በኩል በማጭበርበር ተወሰዱ፤ አገልግሎቱም ለጊዜው ቆመ። ካርቱጎ በዚያው ዓመት ከቢኤምደብሊው ድራይቭናው ጋር ተዋሕዶ ሼርናው ተባለ፤ በፌብሩዋሪ 2020 ሰሜን አሜሪካን ለቆ ወጣ፤ ሁለቱ ግዙፍ የመኪና ፋብሪካዎችም በ2022 ለስቴላንቲስ ሸጡት።

በፓሪስ ደግሞ በ2011 መጨረሻ የቦሎሬ ኩባንያ ከከተማይቱና ከአካባቢዋ አስተዳደሮች ጋር ተዋውሎ ኦቶሊብን ከፈተ። በከፍታው ጊዜ ወደ 4,000 የሚጠጉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ነበሩት። መኪኖቹ በጊዜ ብዛት ቆሸሹ፣ ተጎዱ፤ አንዳንዶቹ ማደሪያ የሌላቸው ሰዎች ማደሪያ ሆኑ። ከሁሉ የከፋው ግን ውሉ ነበር። ኩባንያው የሚሸከመው ኪሳራ እስከ 60 ሚሊዮን ዩሮ ብቻ ሲሆን ትርፉን የሚከፍሉት አስተዳደሮቹ ናቸው። እስከ 2023 ድረስ ወደ 294 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ጉድለት እንደሚኖር ሲታወቅ ክርክሩ ጦዘ፤ አገልግሎቱም በ2018 በጋ ተዘጋ። "አባል" ከተባሉትም፣ ከኩባንያውም፣ ከከተማውም ኪሳራውን የኔ ነው ያለ አልተገኘም።

▪️ ከታሪኩ የሚቀረው

ከዙሪክ እስከ ለንደን ያለውን መንገድ ሲያዩት የዘለቁት አገልግሎቶች ሦስት ነገር ይጋራሉ። መኪናው በዋናነት ወደ ተነሣበት ቦታ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሰፈር አለው። የመኪናው ብዛት ከአባሉ ብዛት አይቀድምም፤ ስለዚህ ኪሳራው ትንሽ ነው። ኪሳራ ሲመጣም የሚከፍለውና የሚወስነው ሰው አንድ ነው፤ ስለዚህ ኪሳራው ተደብቆ አያድግም። የወደቁት ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱን የጣሉ ናቸው። ዊትካር ሦስተኛውን ይዞ ሁለቱን ስላጣ ወደቀ፤ ኮሚዩኖቶ ኩባንያ ቢሆንም ሁለቱን ስለያዘ ቆመ።

ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ መንገዱ ለኤሌክትሪክ መኪና ተከፍቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዙት ውድ፣ ሲነዱት ርካሽ ነው፤ የመግዣው ወጪ ከባድ የመንጃው ወጪ ቀላል የሆነ ንብረት ደግሞ ለመጋራት ከማንኛውም በላይ ይመቻል። የኮንዶሚኒየም ግቢ ጥበቃ አለው፣ የማቆሚያ ቦታ አለው፣ የነዋሪዎች ማኅበር አለው። በ1948 ዙሪክ ላይ የነበሩት ሰዎች የነበራቸው ከዚህ ብዙ የሚበልጥ አልነበረም።

አንድ ቀን ያማረ መተግበሪያ የያዘ ኩባንያ መጥቶ "አባል ሁኑ" ማለቱ አይቀርም። ጥሩ አገልግሎት ሊሆን ይችላል፤ በደንበኝነት መጠቀምም ነውር የለበትም። ደንበኛ ግን ደንበኛ መሆኑን አውቆ መግባት አለበት፤ አገልግሎቱ ነገ ሊዘጋ እንደሚችል አስልቶ። አባል ሊሆን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ስለ ካርዱና ስለ መተግበሪያው ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሊብሬው በማን ስም ነው? ኪሳራ ሲመጣ የሚከፍለው ማን ነው? ለመዝጋት ሲወሰንስ እጅ የሚያወጣው ማን ነው? የለንደን ሰዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱን ያገኙት በመጨረሻው ወር ነው።